የጎደለው መልስ፦ ከይፋት ቆላ የተነሡ ቁጥሮችና የመላምት ፍተሻ ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



ንግግሬን በራሴ ስሕተት ልጀምር። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ የመመረቂያ ጥናቴን ያካሄድሁት በትውልድ ቦታዬ በአጣዬ፣ በከተማዋ ዳርና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ነበር። ጥያቄዬ ቀላል ነበር፤ ከወንዝ ጠልፎ መሬቱን የሚያጠጣ ገበሬና ዝናብ ብቻ የሚጠብቅ ገበሬ በዓመት በሚያገኙት የእህል ምርት ይለያያሉን? መጠይቁን በወረቀት አባዝቼ ቤት ለቤት ዞርሁ። መልሱን ኤስፒኤስኤስ በተባለው ሶፍትዌር መዘገብሁ። ሁለቱን ወገኖች በቲ-ቴስት አነጻጸርሁ። ያገኘሁት ፒ-ቫልዩ ከ0.05 በእጅጉ የሚበልጥ ስለ ነበር «በሁለቱ መካከል ትርጉም ያለው ልዩነት አልተገኘም» ብዬ ጽፌ ለአማካሪዬ አቀረብሁ።

አማካሪዬ ገጹን አየት አድርገው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «ከመዘገብኸው ምርት ትልቁ ስንት ኩንታል ነው?» አላወቅሁም። ተመልሼ ሳይ 99 ነበር። በይፋት ቆላ በጥማድ መሬት 99 ኩንታል የሚያፍስ ገበሬ የለም። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ መልስ ላልሰጡኝ ሰዎች እኔው ራሴ 99 የሚል መለያ ሰጥቼ ኖሯል፤ ይህ ቁጥር መለያ እንጂ ምርት አለመሆኑን ግን ለሶፍትዌሩ አልነገርሁትም።

ይህ ምን ያህል እንደሚያዛባ በትንሽ ምሳሌ እንየው። ዘጠኝ ገበሬዎች 4፣ 5፣ 5፣ 6፣ 6፣ 7፣ 7፣ 8 እና 8 ኩንታል አገኙ እንበል። አማካዩ 6.2 ኩንታል ነው። አሥረኛው ሰው መልስ ባለመስጠቱ 99 ተብሎ ቢመዘገብ አማካዩ ወደ 15.5 ይዘልላል፤ ከአሥሩ አንድም ሰው ያላገኘው ምርት የአሥሩም መገለጫ ይሆናል። ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ተደርድረው መካከል ላይ የሚገኘው ዋጋ፣ ሚዲያን የምንለው፣ ግን ከ6 ወደ 6.5 ብቻ ነው የሚሄደው። በሌላ በኩል የቁጥሮቹን መራራቅ የሚለካው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በብዙ እጥፍ ያብጣል፤ እርሱ ሲያብጥ ቲ-ቴስቱ እውነተኛውን ልዩነት ሊያይ አይችልም። የእኔም ውጤት የደረሰበት ይኸው ነበር። ስሕተቱ ሲታረም ልዩነቱ ወጣ።

አማካሪዬ ግን በዚህ አላበቁም። ሁለተኛውን ጥያቄ ጠየቁኝ፤ «እነዚህ ያልመለሱልህ ሰዎች እነማን ናቸው?»

የዛሬው ንግግሬ ይህን ሁለተኛ ጥያቄ የሚመለከት ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ማንኛውም ጠንቃቃ ተማሪ በሶፍትዌሩ ዝቅተኛና ከፍተኛውን ዋጋ በማስወጣት ይመልሰዋል። ሁለተኛውን ግን ሶፍትዌር አይመልሰውም። መላምትን የመፈተሽ ጥበብ በአገራችን ባለፈበት መንገድ ሁሉ የውጤቱን ዕጣ የወሰነው የተሰላው ሳይሆን የጎደለው መልስ እንደ ነበር ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

ለግብር ነው ወይስ ለርዳታ?

ወደ መጠይቆቼ ተመልሼ በኅዳጉ የጻፍሁትን ማስታወሻ አነበብሁ። ከፊሎቹ ቤታቸው ተዘግቶ፣ ለቀን ሥራ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ አዋሽ ዳር እርሻዎች የወረዱ ነበሩ። አንዲት አረጋዊት እናት ግን ቤታቸው ነበሩ፤ ቡናም አፍልተውልኛል። ስንት ቁና እህል እንዳገኙ ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ይህ ለግብር ነው ወይስ ለርዳታ? እርሱን ሳላውቅ ምን ብዬ እነግርሃለሁ?»

በዚያን ጊዜ «መልስ አልሰጡም» ብዬ 99 ጻፍሁ። ዛሬ ሳስበው ከሰበሰብኋቸው ቃላት ሁሉ ይበልጥ ታሪክ ያለው የእርሳቸው ነው። በሸዋ ገበሬ የተቆጠረው አስቀድሞ ለግብር ነው። ቀላድ ሲጣል መሬቱ በጋሻ ይለካል፤ ዐሥራት ሲወጣ የአውድማው እህል ይገመታል፤ ገማቹ ሲመጣ ክምሩን ማሳነስ የገበሬ ብልሃት ነው። በሌላ ወገን ወደ አገሩ የመጡ መንገደኞችም ቁጥር ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዛውያኑ ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስና ቻርልስ ጆንስተን በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ወደ ሸዋ መጥተው፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1844 መጻሕፍት አሳትመዋል። ጆንስተን በይፋት ቆላ አፋፍ ባለችው የገበያ ከተማ በአልዩ አምባ ተቀምጧል። እንዲህ ያሉ ጸሐፊዎች የሰጧቸው የሕዝብ ቁጥሮች በዓይን የተገመቱ ናቸው፤ ቤት ለቤት የሄደ ቆጣሪ የለባቸውም። ስለዚህ የሚፈተሽ መላምት አይሸከሙም።

ዘመናዊው የመንግሥት ስታቲስቲክስ የመጣው የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤት በ1953 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ነው። አጣዬ ያን ጊዜ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ በይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ነበረች። የአገሪቱ የመጀመሪያው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ግን እስከ ግንቦት 1976 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረበት። ውጤቱ 42.6 ሚሊዮን ሕዝብ አለ አለ። ይሁን እንጂ በጦርነት ምክንያት ቆጣሪ ሊደርስባቸው ያልቻሉ ሰፊ አካባቢዎች ነበሩ፤ የእነርሱ ቁጥር በግምት ተሞላ። ከዚያ ቆጠራ በኋላ ጥቂት ወራት ሳያልፉ ወሎን፣ ትግራይንና የሰሜን ሸዋን ቆላ የመታው የ1977 ዓ.ም. ረሃብ መጣ። አገሪቱ ልጆቿን ቆጥራ በጨረሰች ማግሥት ከተቆጠሩት መካከል ማን እንደ ጎደለ የሚነግራት መዝገብ አልነበራትም። የሚቀጥለው ቆጠራ የተካሄደው ከዐሥር ዓመት በኋላ በጥቅምት 1987 ዓ.ም. ነው።

በዚያ ዘመን ረሃብን በቁጥር ለማስረዳት ከደከሙት ምሁራን ቀዳሚው የጂኦግራፊ ሊቁ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ያለውን ዘመን የሚሸፍነውን የገጠር ተጋላጭነት ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ1984 አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ በሰሜን-መካከለኛው ኢትዮጵያ ያለውን የገበሬ መከራ በከፍታ ልዩነት፣ ከደጋ እስከ ቆላ የሚያስተያይ ጥናት አወጡ። የእርሳቸው ሥራ ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ረሃብን በአንድ የአገር አማካይ ከመግለጽ ይልቅ በየአካባቢው ማን እንደ ተጎዳ መጠየቃቸው ነው። የይፋት አፋፍና የይፋት ቆላ በአንድ አማካይ ሲጨፈለቁ አንዱም አይታይም።

ከቢራ ጠማቂው እስከ ሶፍትዌሩ

እስካሁን ስለ ቁጠራ ተናገርሁ። አሁን ቁጥሩን ስለምንፈትሽበት መሣሪያ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም መሣሪያው ምን ሊያደርግ እንደ ተሠራ ካላወቅን ያልተሠራለትን እንጠይቀዋለን።

ቲ-ቴስትን የፈጠረው ዊልያም ጎሴት በደብሊን ከተማ የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። የእርሱ ችግር የገብስና የብቅል ችግር ነው፤ የሙከራዎቹ ቁጥር ጥቂት በሆነ ጊዜ በሁለት አማካዮች መካከል የታየው ልዩነት እውነተኛ ነው ወይስ የዕድል ጉዳይ? ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ ስለማይፈቅድ እ.ኤ.አ. በ1908 መልሱን «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም አወጣው። ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ የ5 በመቶን ወሰን አስለመደ። ጀርዚ ነይማንና ኤገን ፒርሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1933 ሁለት ተፎካካሪ መላምቶችንና ሁለት ዓይነት ስሕተቶችን የሚያመዛዝን ሥርዓት አቆሙ። ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት የምታነቡት የፊሸርና የእነዚህ የሁለቱ ሐሳብ ተደባልቆ ነው፤ ፊሸርና ነይማን ግን በሕይወት ሳሉ አልተስማሙም።

ፒ-ቫልዩ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው። «በእውነት ልዩነት ባይኖር ኖሮ፣ ናሙናውም በተባለው መንገድ በዕጣ ተመርጦ ቢሆን ኖሮ፣ ይህን የሚያህል ወይም ከዚህ የሚበልጥ ልዩነት የማየት ዕድሉ ስንት ነበር?» በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት «ቢሆን ኖሮ» አሉ። ተማሪዎቻችን የመጀመሪያውን ያጠናሉ፤ ሁለተኛውን ይዘሉታል። የደብሊን ገብስ አልመልስም አይልም፤ ለቀን ሥራም አይሄድም፤ ለግብር ነው ወይስ ለርዳታ ብሎ አይጠይቅም። ሰው ግን ይህን ሁሉ ያደርጋል።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠው የስሌቱ ፍጥነት ነው። ኤስፒኤስኤስ እ.ኤ.አ. በ1968 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ስታታ እ.ኤ.አ. በ1985 ተሠሩ። አር የተባለውን ነጻ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ጀመሩት። በመካከላቸው ያለ አንድ የጠባይ ልዩነት ለዛሬው ጉዳያችን ይጠቅማል። ኤስፒኤስኤስና ስታታ የጎደለ መልስ ሲያገኙ ሰውየውን ከስሌቱ አውጥተው አማካዩን ይሰጧችኋል፤ ስንት ሰው እንደ ቀረ ማወቅ የፈለገ የናሙናውን ቁጥር ልብ ብሎ መመልከት አለበት። አር ግን ካዘዛችሁት ቁጥሮች መካከል አንድ እንኳ ከጎደለ አማካይ አይሰጥም፤ «የለም» ብሎ ይመልሳል። መልስ የሚሰጠው እናንተው «የጎደሉትን ጥለህ አስላ» ብላችሁ በግልጽ ስታዙት ነው። ብዙ ተማሪ ይህን እንደ እንከን ያማርራል። እኔ ግን ከመምህሬ ሁለተኛ ጥያቄ ጋር አንድ አድርጌ አየዋለሁ፤ ሰዎቹን ከመጣላችሁ በፊት እየጣላችሁ መሆኑን በእጃችሁ እንድትጽፉ ያስገድዳችኋል።

ድንኪ፦ ተመልሶ የመጠየቅ ጥቅም

መሣሪያውና ቁጠራው በይፋት ቆላ የተገናኙበት አንድ ታላቅ ጥናት አለ። ከአጣዬ ወደ ደቡብ፣ ከአንኮበር አፋፍ በታች ድንኪ የምትባል የገጠር መንደር ትገኛለች። ክርስቲያን አማሮችና ሙስሊም አርጎባዎች አብረው ይኖሩባታል። ለደብረ ብርሃን ቅርብ ብትሆንም መንገዷ አስቸጋሪ ነው፤ በ1977ቱ ረሃብ ክፉኛ ከተጎዱት አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋም በሰባት የገበሬ ማኅበራት 450 ያህል ቤተሰቦችን ስለ ፍጆታቸው፣ ስለ ሀብታቸውና ስለ ገቢያቸው ሲጠይቅ ድንኪ ከእነርሱ መካከል ነበረች።

እ.ኤ.አ. በ1994 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍልና የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ኢኮኖሚዎች ጥናት ማዕከል ወደ እነዚያው ሰዎች ተመለሱ። ከሰባቱ አንዱ መንደር በግጭት ምክንያት ሊደረስበት አልተቻለም፤ ስድስቱ ተገኙ። ሌሎች ዘጠኝ ተጨምረው መንደሮቹ ዐሥራ አምስት፣ ቤተሰቦቹም 1,477 ሆኑ። ይህ የኢትዮጵያ የገጠር ቤተሰቦች ጥናት እየተባለ የሚጠራው ሥራ እስከ እ.ኤ.አ. 2009 ድረስ በየጊዜው ያንኑ ቤት እያንኳኳ ቀጠለ። በዙሮቹ መካከል የጠፋው ሰው ጥቂት መሆኑ ይነገርለታል። ለዚህም አንዱ ምክንያት ገበሬው ቀበሌውን ቢለቅቅ በሌላ ስፍራ መሬት ስለማያገኝ ከቤቱ አለመነቃነቁ ነው።

ያንኑ ሰው ደግሞ መጠየቅ አዲስ ዓይነት መላምት ለመፈተሽ አስቻለ። ኢኮኖሚስቱ ስቴፋን ደርከን እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጽሑፍ ድንኪን ጨምሮ የስድስቱን መንደሮች የ1989–1997 መረጃ ወስዶ ጠየቀ፦ ረሃብ ካለፈ በኋላ በእርግጥ ያልፋልን? ሰው በሕይወት ከተረፈ፣ ዝናብም ከተመለሰ ኑሮውም ይመለሳልን? መነሻው መላምት «ይመለሳል፤ ያለፈው ረሃብ በዛሬው የፍጆታ ዕድገት ላይ ተጽእኖ የለውም» የሚል ነው። የረሃቡን ብርታት ለመለካት የተጠቀመው ቤተሰቦቹ ራሳቸው በምን እንደ ተረፉ የተናገሩትን ነው፤ ምግብ በመቀነስ፣ ንብረት በመሸጥ፣ የዱር ሥራ ሥርና ቅጠል በመብላት ወዘተ.። መላምቱ ወደቀ። በረሃቡ ይበልጥ የተጎዱት ቤተሰቦች ከዐሥር ዓመት በኋላ እንኳ ኑሯቸው ከሌሎቹ በዘገየ ፍጥነት ያድግ ነበር። የዝናብም ነገር እንዲሁ ነው፤ ከአራትና ከአምስት ዓመት በፊት በ10 በመቶ ያነሰ ዝናብ የዛሬውን ዕድገት በአንድ መቶኛ ነጥብ ያህል ይቀንስ ነበር።

ይህ ውጤት የፖሊሲ ትርጉም አለው። ርዳታ ነፍስ ካዳነ በኋላ ሥራው አልቋል የሚለውን አሳብ ያፈርሳል። እኔ ግን አንድ ነገር እንድትጨምሩበት እፈልጋለሁ። የ1989 መጠይቅ የደረሰው ለተረፉት ነው። በ1977 የሞቱት፣ ቤታቸው የተበተነው፣ ተሰድደው ያልተመለሱት በሠንጠረዡ ውስጥ አንድም ረድፍ የላቸውም። እጅግ የተጎዱት ከሌሉበት መዝገብ የተሰላ ጉዳት ከእውነተኛው ያነሰ እንጂ የበለጠ ሊሆን አይችልም ማለት ያስደፍራል። ስለዚህ የጎደሉትን ማሰብ ግኝቱን አያዳክመውም፤ ያበረታዋል። የጎደለው ወደየት አቅጣጫ እንደሚያዘነብል መመርመር ጥናትን ለማፍረስ ብቻ የሚደረግ የሚመስለው ካለ ይህን ምሳሌ ይያዝ።

የ1999 ቆጠራ፦ ያነሰ ፒ-ቫልዩ የማይመልሰው ጥያቄ

ከመንደር ወደ ክልል ልውጣ። በግንቦት 1999 ዓ.ም. የተካሄደው ሦስተኛው ቆጠራ ውጤት በ2001 ዓ.ም. ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ አጣዬ ያለችበት የአማራ ክልል ቁጥር ብርቱ ክርክር አስነሣ። በ1987ቱ ቆጠራ 13.8 ሚሊዮን የነበረው ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ፤ ዓመታዊ ዕድገቱ 1.7 በመቶ ማለት ነው፤ የአገሪቱ ግን 2.6 በመቶ ነበር። ክልሉ በአገሪቱ ፍጥነት ቢያድግ ኖሮ 19.2 ሚሊዮን ያህል ይደርስ ነበር። በወቅቱ በስፋት የተጠቀሰው፣ ከኤጀንሲው የቀደመ ትንበያ ጋር ሲነጻጸር የተገኘው ጉድለት 2.4 ሚሊዮን ነው። የሕዝብ ቁጥር የፌዴራል በጀት ድጎማ የሚከፋፈልበት መለኪያ በመሆኑ ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ አልነበረም።

በትምህርት ክፍላችን ይህን ጉዳይ ለተማሪዎች የክፍል ሥራ አድርጌ እሰጣለሁ። አብዛኞቹ ወዲያው ሶፍትዌር ከፍተው ሁለቱን ቁጥሮች ያነጻጽሩና ለዜሮ የቀረበ ፒ-ቫልዩ ይዘው ይመጣሉ። «መምህር፣ ልዩነቱ ከፍተኛ ትርጉም አለው» ይላሉ። ይህ መልስ ስሕተት አይደለም፤ ከንቱ ነው። በሚሊዮኖች በሚቆጠር ሕዝብ ማንኛውም ትንሽ ልዩነት ፒ-ቫልዩን ያጠፋዋል። ከዚያም በላይ ቆጠራ ናሙና አይደለም፤ በዕጣ የተመረጠ ስለሌለ የዕጣ ስሕተት የለበትም። ፈተናው «ዕድል ነውን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ዕድል ነው ያለ ግን ማንም የለም።

በክርክሩ የተነሡት መላምቶች ሌሎች ናቸው፤ እያንዳንዱም ሊታይ የሚችል የራሱ አሻራ አለው። አንደኛው «ሰው ሳይቆጠር ቀርቷል» የሚል ነው፤ ይህ እውነት ከሆነ ተመልሶ ናሙና በመውሰድ ቤት ለቤት ሲኬድ ያልተመዘገቡ ቤቶች ይገኛሉ። ሁለተኛው «ወሊድ ቀንሷል» የሚል ነው፤ ይህ ከሆነ ጉድለቱ የሚታየው በሕፃናት ዕድሜ ነው። ሦስተኛው «ሰው ወደ ሌላ ክልል ፈልሷል» የሚል ነው፤ ይህ ከሆነ ጉድለቱ በወጣቶች ዕድሜ ይታያል፤ የፈለሱበትም ስፍራ በዚያው ልክ ይጨምራል። አራተኛው ትንበያው ራሱ ከመጀመሪያው የተጋነነ ነበር ይላል። ስለ ወሊድ ሌላ ምስክር አለን። በየጊዜው የተካሄዱት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች በአማራ ክልል አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 5.9 በ2005 ወደ 5.1፣ በ2011 ወደ 4.2፣ በ2016 ወደ 3.7 መውረዱን ያሳያሉ። የወሊድ መቀነስ እውነት ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ቅነሳ ጉልህ ክፍል የመጣው ከቆጠራው በኋላ መሆኑን ልብ በሉ፤ ለ1999ኙ ጉድለት ብቸኛ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አይቻልም። መላምቶችን የሚለያቸው የእያንዳንዳቸው አሻራ ነው፤ ያንን ለመለየት ደግሞ ዕድሜን፣ ጾታንና ቦታን ዘርዝሮ ማየት ያስፈልጋል።

የዚያ ቆጠራ ጉዳይ አሁንም አላረጀም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየዐሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ቢደነግግም አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለዚህ የናሙና ጥናቶቻችን ቤተሰብ የሚመርጡት ከ1999ኙ መዝገብ ላይ ሲሆን ኖሯል። የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ለምሳሌ የተነሣው በዚያ ቆጠራ ከተዘጋጁት 84,915 የቆጠራ ቦታዎች ነው፤ ከእነዚህ 645 ተመረጡ። በጠቅላላ ሲሰላ አንድ የተመረጠ ቦታ ከ130 በላይ ለሚሆኑ ቦታዎች ይናገራል ማለት ነው። ያ አንድ ቦታ ባዶ ሆኖ ቢገኝስ?

አጣዬ፣ ከ2013 በኋላ

ይህን ጥያቄ የምጠይቀው በንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት በተፈጸሙ ጥቃቶች የአጣዬ ከተማ ሰፊ ክፍል ተቃጠለ፤ ሰው ሞተ፤ ነዋሪው ተፈናቀለ። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ የተማሪነት ዘመኔን የቤተሰብ ዝርዝር ይዤ ወደዚያ ሄድሁ። አሳቤ እነዚያኑ ቤቶች ዳግመኛ ጠይቄ የሁለቱን ዘመን ኑሮ በጥንድ ቲ-ቴስት ማነጻጸር ነበር። ብዙዎቹን አላገኘኋቸውም። ካገኘኋቸው የሰበሰብሁትን መልስ ወደ ኮምፒዩተር አስገብቼ የሁለቱን ዙሮች አጠቃላይ አማካይ በመጀመሪያ ሳወጣ ያየሁት አስደነገጠኝ፤ የሁለተኛው ዙር አማካይ ሀብት ከመጀመሪያው ከፍ ብሎ ነበር። ቁጥሩን እንዳለ ብቀበለው ኖሮ ከተማዬ ከተቃጠለች በኋላ ኑሮ ተሻሻለ ብዬ በጻፍሁ ነበር።

በዚህ ጊዜ የአማካሪዬ ሁለተኛ ጥያቄ ታወሰኝ፤ ያልመለሱት እነማን ናቸው? ያደረግሁት ማንኛችሁም ልታደርጉት የምትችሉት ነው። በመጀመሪያው ዙር የተጠየቁትን ሁሉ በሁለት ከፈልኋቸው፤ በሁለተኛው ዙር የተገኙና ያልተገኙ። ከዚያ የሁለቱን ወገኖች የጥንት መልስ፣ ማለትም ከእሳቱ በፊት የነበራቸውን ሀብት፣ አነጻጸርሁ። ያልተገኙት አስቀድሞም ድኾቹ ነበሩ። አማካዩን ከፍ ያደረገው የተገኙት ሰዎች መበልጸግ ሳይሆን የሌሎቹ አለመኖር ነው። ይህ ፍተሻ በየትኛውም ሶፍትዌር ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ነው፤ ሳይሠራ የሚቀረው ግን ብዙ ጊዜ ነው።

ቀጥሎ የጠፉትን መፈለግ ነበረብኝ። በዚህ የረዳኝ የመንግሥት መዝገብ ሳይሆን የእድር ጸሐፊው ደብተር ነው። የእድሩ ጸሐፊ ማን ደብረ ብርሃን እንደ ገባ፣ ማን አዲስ አበባ ከልጁ ዘንድ እንደ ተጠጋ፣ ማን ወደ ሸዋ ሮቢት እንደ ወረደ፣ ማን ደግሞ እንደ ሞተ በስም ያውቅ ነበር። በስልክና በእግር ከፊሎቹን አገኘኋቸው። የእነርሱ መልስ ሲገባ የአማካዩ አቅጣጫ ተለወጠ። ያላገኘኋቸውንም ከሠንጠረዡ አልሰረዝኋቸውም፤ ስንት እንደ ሆኑና በመጀመሪያው ዙር ምን እንደ ነበራቸው በጽሑፉ የመጀመሪያ ሠንጠረዥ አስፍሬአቸዋለሁ።

ውድ ተማሪዎች፣ ልደምድም። ሶፍትዌር ስትከፍቱ አስቀድማችሁ መረጃውን አጠቃልሉ፤ ትንሹን፣ ትልቁን፣ ሚዲያኑን፣ የጎደለውን ቁጥር እዩ። ማንኛውንም መላምት ከመፈተሻችሁ በፊት ፒ-ቫልዩ ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ መሆኑን ለራሳችሁ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። በውጤታችሁም ዘንድ ስንት ሰው እንደ ጠየቃችሁ ብቻ ሳይሆን ስንቱ እንዳልመለሰና እነማን እንደ ሆኑ ግለጹ። በሚቀጥለው ጊዜ ያቺ እናት «ለግብር ነው ወይስ ለርዳታ?» ብለው ሲጠይቋችሁ 99 ብላችሁ አትለፏቸው። ለምን እንደምትጠይቁ እውነቱን ንገሯቸው፤ ቃላቸውንም በኅዳጉ ጻፉት። እኔ የእርሳቸውን ቃል የጻፍሁበት ወረቀት ዛሬም አለኝ፤ ቤታቸው ግን በዚያ ስፍራ የለም።